ገመዱን የሚፈታው ማን ነው?

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ የተወለደው ከአንዲት ፊርማ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የፋሲካ ዕረፍት ሊደርስ ሲል፣ ያን ጊዜ 16 ዓመት የሞላት ልጄ አንድ ቅጽ ይዛ ከትምህርት ቤት መጣች። ቅጹ፣ ሞተር በሌለው አውሮፕላን ለአንድ ሳምንት የበረራ ትምህርት እንደሚሰጥና ለዚህም የወላጅ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይገልጻል። ይህን ያወቅሁት ግን ራሴ አንብቤ ሳይሆን እሷ አንብባልኝ ነው። አንባቢ ይህችን ነገር በልቡ ያኑራት፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

«ሞተር ከሌለው በምን ይነሣል?» አልኋት።

«ሌላ አውሮፕላን በገመድ ይጎትተዋል፣ አባ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ገመዱን እንፈታዋለን።»

እናቴ ከጥግ ሆና ትሰማ ኖሯል። «እኛ አንድ ጊዜ በርረናል፤ ይበቃናል» አለች። እናቴ የምትለው በረራ በግንቦት 1991 የሆነውን ዘመቻ ሰለሞንን ነው። ያን ጊዜ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጓዘ። ብዙ ሰው ለመጫን ሲባል የአውሮፕላኖቹ ወንበር ተነቅሎ ነበር፤ በአንዱ ትልቅ አውሮፕላን ብቻ ከ1,000 የሚበልጥ ሰው ተሳፍሯል። እኔ ያን ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ቁጥር ለጥፈውብን ወለል ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን፤ መቼ እንደተነሣን እንጂ ወዴት እንደምንዞር፣ ምን ያህል ከፍ እንዳልን የነገረን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። መድረሳችን ብቻ በቂ ደስታ ነበር።

ሦስት ቀን ሳልፈርም ቆየሁ። የምሠራው እዚሁ ቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ነው። ከተማችን በ1955 ስትመሠረት በዙሪያዋ የነበረው የእርሻ መሬት ነበር፤ ከዚያ የስኳርና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች መጡ፤ በ1999 ደግሞ የኢንቴል ፋብሪካ ለኮምፒዩተር የሚሆኑ ቺፖችን ማምረት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስወጣ ከፋብሪካዎቹ ጣሪያ በላይ ብዙ ሽመሎች ሲዞሩ አየሁ። ክንፋቸውን ዘርግተዋል እንጂ አያርገበግቡም። ነገር ግን እየዞሩ ከፍ፣ እየዞሩ ከፍ ይላሉ። በኋላ እንደተማርሁት፣ ፀሐይ የቆርቆሮ ጣሪያውንና አስፋልቱን ስታግለው ከላዩ ያለው አየር ይሞቅና እንደ ጭስ ሽቅብ ይወጣል፤ ወፎቹ በዚያ አየር ላይ ተጭነው ነው የሚወጡት። በአገራችን ንስርና ጥንብ አንሳ ከገደል በላይ ሲያንዣብቡ ስናይ ያደግነው ይህንኑ ነገር ኖሯል። እኔ ለስንት ዓመት ከዚያ ሙቀት ሥር እየሠራሁ፣ ሙቀቱ ሌላውን ፍጡር ወደ ላይ እንደሚያወጣ አላውቅም ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ፈረምሁ። አንድ ወላጅ አብሮ መሄድ ይችላል ስለተባለ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ እኔም ሄድሁ።

የበረራ ሜዳው ከእኛ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በሰሜን በኢይዝራኤል ሸለቆ በመጊዶ አጠገብ ይገኛል። ሞተር አልባውን አውሮፕላን በዕብራይስጥ «ደኦን» ይሉታል። ሰውነቱ ቀጭን፣ ክንፉ ግን እጅግ ረጅም ነው፤ የተማሪዎቹ ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 17 ሜትር ያህል ይደርሳል። ነፋስ በሌለበት ከ1 ኪሎ ሜትር ከፍታ ቢለቀቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ያርፋል። ሽቅብ የሚወጣ አየር ካገኘ ደግሞ እንደ ሽመላው መልሶ ይወጣል።

እሑድ ነፋሱ ስለበረታ ማንም አልበረረም። ልጆቹ አውሮፕላኖቹን አጠቡ፤ ትምህርትም ተማሩ። ሰኞ ለመብረር ቢችሉም የልጄ ተራ ሳይደርስ መሸ። ቀኑን ሙሉ የሠራችው የሌሎችን አውሮፕላን መግፋት፣ ገመድ ማያያዝ፣ የተነሣና ያረፈበትን ሰዓት መጻፍ ነበር። አውሮፕላኑ ከሆዱ ሥር ባለ አንድ ጎማ ላይ ስለሚቆም መሬት ላይ ሳለ በአንድ ጎኑ ይጋደማል። ስለዚህ ሊነሣ ሲል አንድ ሰው የክንፉን ጫፍ ይዞ ማቃናት፣ ሲጎተትም ጥቂት እርምጃ አብሮት መሮጥ አለበት። ሯጩ ከለቀቀ በኋላ ክንፉ በነፋሱ ራሱን ይችላል። ልጄ ያን ቀን ስትሮጥ ዋለች።

ማታ ተቆጥታ፣ «አንዲት ደቂቃ ሳልበር ስሠራ ዋልሁ» አለችኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያየሁት ነገር የማውቀው ነገር ነውና። «ይህማ ወንፈል ነው» አልኋት። ወንፈል ምን እንደሆነ አታውቅም፤ አስረዳኋት። ዛሬ የአንተን እርሻ አጭዳለሁ፣ ነገ የእኔን ታጭዳለህ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። እዚያ ሜዳ ላይ አንድ ሰው 12 ደቂቃ እንዲበር አምስት ስድስት ሰው መሬት ላይ ይደክማል። ከበረራ ሲመለስ ደግሞ ቀጥሎ የሚነሣውን ክንፍ ይይዛል።

ማክሰኞ ከአስተማሪዋ ጋር በረረች። ረቡዕ ረፋዱ ላይ አስተማሪዋ እኛን ወላጆችንም ጨምሮ ስለ ገመዱ አስረዳን። ይህ ጽሑፍ እንዲጻፍ ያደረገው ያ ትምህርት ነው፤ ነገሩን በሦስት ከፍዬ ላቅርበው።

አንደኛ፣ በተማሪው ፊት አንድ ቢጫ እጀታ አለ። ሲስቡት ገመዱ ይፈታል። ጎታቹ አውሮፕላን ውስጥም ገመዱን የሚፈታ ሌላ እጀታ አለ፤ ነገር ግን እርሱ በአደጋ ጊዜ የሚያገለግል ነው። በደህናው ቀን፣ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲደርሱ፣ ዙሪያውን አይቶ ገመዱን የሚፈታው ተጎታቹ ነው።

ሁለተኛ፣ ገመዱ ላይ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ማያያዣ አለ። ኃይሉ ከመጠን ሲያልፍ ያ ማያያዣ ይበጠሳል። «ለምን የማይበጠስ አታደርጉትም?» ብሎ አንድ አባት ጠየቀ። መልሱ፣ የማይበጠስ ገመድ ሁለቱንም አውሮፕላን ሊሰብር ይችላል የሚል ነበር።

ሦስተኛ፣ አደጋው ተጎታቹ ላይ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ እንዲያ አይደለም። ተጎታቹ ከጎታቹ በላይ ከመጠን ከፍ ካለ የጎታቹን ጅራት ወደ ላይ ይስበዋል፤ ያን ጊዜ የጎታቹ አፍንጫ ወደ መሬት ይደፋል። መሬት ቅርብ ከሆነ ጎታቹ ይሞታል። የሚጎተተው ሰው የሚጎትተውን ሊገድል ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ አንድ ሰው በሌላው ገመድ ወደ ላይ ከወጣ፣ የደረሰበት ከፍታ የማን ነው? ገመዱንስ ማን፣ መቼ ይፍታው?

ይህ ጥያቄ የእኛ ጥያቄ መሆኑን መናገር አያስፈልገኝም። በ1984 በሱዳን በኩል የመጡትም፣ በ1991 የመጣነውም፣ በ2020 እና በ2021 «ጹር እስራኤል» በተባለው ዘመቻ የመጡትም ቤተሰቦች በመርከዝ ቅሊታ አልፈናል። ኡልፓን ገብተናል፤ የቅሊታ ገንዘብ ተቀብለናል፤ ሌላ ሰው ስለ እኛ ሲደውልልንና ሲጽፍልን ኖረናል። «አመጡን» እንላለን እንጂ «መጣን» አንልም። ነገር ግን ወላጆቻችን ወደ ሱዳን በእግራቸው ሲሄዱ የጎተታቸው አልነበረም፤ በመንገድና በካምፕ ስንቱ ቀርቷል። ልጆች ሆነን ሽመላ ሲያልፍ ስለ ኢየሩሳሌም እንጠይቀው ነበር፤ የሄድነው ከዚያ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ገመዱ ከመምጣቱ በፊት እኛ በሜዳው ላይ ቆመን ነበር ማለት ነው።

አንዳንድ ሰው እርዳታ መቀበል ውርደት ነው ይላል። ይህ አሳብ የሚመጣው፣ ሌላው ሰው ያለ ገመድ የወጣ ስለሚመስለን ነው። እዚህ አገር የተወለደው ጎረቤታችን ዕብራይስጡን ከእናቱ ጡት ጋር አገኘ፤ አባቱ ቤት ሲገዛ ረዳው፤ ከሠራዊት ጓደኛው በኩል ሥራ አገኘ። እርሱም ተጎትቷል። ልዩነቱ፣ የእርሱ ገመድ ያለ ቅጽና ያለ ፊርማ የመጣ በመሆኑ አይታይም። ስለዚህ ገመድ መያዝ አያሳፍርም።

ሌላ ሰው ደግሞ፣ «ያገኘነው መብታችንን ነው፤ ስለዚህ ስለ ገመድ ማውራት ራሱ ስሕተት ነው» ሊለኝ ይችላል። መብት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን መብትም ቢሆን በሁለት ዓይነት መንገድ ሊሰጥ ይችላል። አንዱ ሰጪ ቢጫውን እጀታ ለተቀባዩ አሳይቶ፣ የከፍታ መለኪያውን እንዴት እንደሚነበብ አስተምሮ ይሰጣል። ሌላው እጀታውን በራሱ ዘንድ ብቻ አስቀምጦ፣ «አንተ አትቸገር፣ እኔ አውቅልሃለሁ» ይላል። ሁለቱም ወደ ላይ ያወጣሉ። የሁለተኛው ተጎታች ግን ምን ያህል ከፍ እንዳለ ስለማያውቅ ሲለቀቅም ይወድቃል፣ ሳይለቀቅም ባሪያ ይሆናል። ገመዱ እጅግ ቀድሞ የተፈታባቸውን፣ ዋጋውን ሳይረዱ የባንክ ዕዳ የፈረሙ ቤተሰቦችን አውቃለሁ። ገመዱ ሳይፈታ የቀረባቸውንም አውቃለሁ፤ «ለጊዜው» ተብሎ በገቡበት ቦታ ዓመታት የቆጠሩ። ስሕተቱ በሁለቱም በኩል አንድ ነው፤ የሚጎተተውን ሰው የጠየቀ የለም።

የደካማው ማያያዣ ነገርም ለሕይወት የሚሆን ይመስለኛል። ረጂና ተረጂ ከመጠን ያለፈ ነገር ሲመጣ «ይህንስ አልችልም» የሚባባሉበት ቦታ ሊኖራቸው ይገባል። የማይበጠስ ውለታ ሁለቱንም ይሰብራል።

ስለ ውለታ ካነሣሁ ስለ ሽመላው ጥቂት ልጨምር። ሽመላ ባሕር አቋርጦ መሄድ ይቸግረዋል፤ ከባሕር ላይ ሽቅብ የሚወጣ ሙቅ አየር የለምና። ስለዚህ ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ ሲሄድና ሲመለስ በመቶ ሺዎች እየሆነ በእስራኤል ላይ ያልፋል፤ ከእነዚህም መካከል ክረምታቸውን በሱዳንና በኢትዮጵያ የሚያሳልፉ አሉ። በ1980ዎቹ ዮሲ ሌሼም የተባሉ ተመራማሪ ረዳት ሞተር ባለው ተንሸራታች አውሮፕላን ወፎቹን እየተከተሉ መንገዳቸውን አጥንተዋል፤ በዚህም ወፎችና የጦር አውሮፕላኖች እንዳይጋጩ ትልቅ ጥቅም ተገኝቷል። በዕብራይስጥ ሽመላ «ሐሲዳ» ይባላል፤ ቸርነት ማለት ከሆነው «ሔሴድ» ጋር ይዛመዳል። በታልሙድ እንደተነገረው ይህን ስም ያገኘችው ለባልንጀሮቿ ቸር ስለሆነች ነው። ታዲያ በኦሪት ዘሌዋውያን ከማይበሉት ወፎች መካከል ለምን ተቆጠረች? ለዚህ ሲነገር የኖረ መልስ አለ፤ ቸርነቷ ለወገኖቿ ብቻ ስለሆነ ነው ይላል። ይህ ለረጂውም ለእኛም ተግሣጽ ነው። ተነሥተን ከበረርን በኋላ የምንይዘው ክንፍ የዘመዳችን ብቻ ከሆነ ነገሩ ጎደሎ ይሆናል።

ሮበርት ክሮንፌልድ የሚባል አይሁዳዊ ነበረ፤ በ1904 በቪየና ተወለደ። በ1929 ሞተር በሌለው አውሮፕላን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመብረር የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1931 በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል ያለውን ባሕር በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ተሻገረ። በ1933 ናዚዎች በጀርመን ሥልጣን ሲይዙ አይሁድ መብረር ስለተከለከሉ ተሰደደ፤ በእንግሊዝ አገር ኑሮ መሥርቶ በዚያው አየር ኃይል አገለገለ። በ1948 አዲስ ዓይነት አውሮፕላን ሲሞክር ሞተ። በዓለም የታወቀ በራሪ እንኳ በሰው አገር አዲስ መጤ ሆኖ፣ ክንፉን የሚይዝለት ሰው አስፈልጎታል። አልተናቀበትም፤ እርሱም መልሶ ያገኘችውን አገር አገለገለ።

አሁን ወደ ሐሙስ ልምጣ። ያን ቀን ገመዱን የምትፈታው ልጄ ራሷ ነበረች፤ አስተማሪዋ ከኋላዋ ተቀምጣለች። እኔ የክንፉን ጫፍ እንድይዝ ተፈቀደልኝ። አውሮፕላኑ ሲንቀሳቀስ ሮጥሁ፤ ከአሥር እርምጃ በኋላ ክንፉ ከእጄ ወጣ። ቆሜ ወደ ላይ አየሁ። ሁለቱ አውሮፕላኖች እንደ ሁለት ዝንብ እስኪያንሱ ድረስ ወጡ። ከዚያ አንዱ ወደ አንድ ጎን፣ ሌላው ወደ ሌላ ጎን ዞረ። ገመዱን ፈታችው ማለት ነው።

በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ኩራት ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። የተሰማኝ ግን ኀፍረት ነው። ምክንያቱም ሳምንቱን ሙሉ «ልጄን የምጎትታት እኔ ነኝ፣ መቼ ልልቀቃት?» እያልሁ ሳስብ ሰንብቼ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ልጄ ከ8 ዓመቷ ጀምሮ የባንኩን ደብዳቤ የምታነብልኝ፣ ቢቱዋህ ሌኡሚ አብራኝ የምትሄድ፣ የሐኪሙን ቃል ለአያቷ የምትተረጉም እሷ ናት። ስለ ታናሽ ወንድሟ ጥፋት ከትምህርት ቤት ሲደወል እንኳ ስልኩን የምታነሣው እሷ ነበረች። በፋብሪካው ውስጥ የሚበቃኝን ያህል ዕብራይስጥ እናገራለሁ፤ ማንበብ ግን «ልጅቷ አለች» እያልሁ ተውሁት። ጎታቿ አውሮፕላን እሷ፣ በገመድ የታሰርሁት እኔ ነበርሁ። አባት ነኝ ብዬም ከላይዋ ከፍ እያልሁ፣ «እንዲህ ተናገሪ፣ እንዲያ አትበይ» እያልሁ ጅራቷን ስስበው ኖሬያለሁ።

14 ደቂቃ ቆይታ አረፈች። ሮጬ ደረስሁ። «አየኸኝ ወይ፣ አባ?» አለችኝ። «አየሁሽ» አልኋት። ከዚያ በላይ መናገር አልቻልሁም። እሷም የራስ ቆቧን አስተካክላ ቀጥሎ የሚነሣውን ልጅ ክንፍ ልትይዝ ሄደች።

ቤት ስንገባ የደብዳቤ ሳጥኑ ውስጥ ሦስት ፖስታ ነበር። እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋች። «ተዪው፣ እኔ ልሞክረው» አልሁ። የመጀመሪያው የውሃ ሒሳብ ነበር፤ ለማንበብ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ሁለተኛውን አልቻልሁም፤ ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ማታ መማር ጀመርሁ። ዛሬም ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ የከበደኝንም አሁንም እጠይቃለሁ። ልዩነቱ ግን እጀታው በእጄ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ለጥያቄዬ የደረስሁበት መልስ ይህ ነው። ከፍታው የብቻ የማንም አይደለም፤ ገመዱን ግን ሊፈታ የሚገባው የተጎተተው ሰው ነው። የረዳው ሰው ግዴታ እጀታውንና መለኪያውን ማሳየት ነው፤ የተረዳው ሰው ግዴታ ደግሞ በልኩ ከፍታ ሆኖ የጎታቹን ጅራት አለመሳብ፣ ጊዜው ሲደርስም ዙሪያውን አይቶ በድፍረት መፍታት ነው። ካረፈ በኋላ ደግሞ ለሌላው ክንፍ መሮጥ አለበት።

ውድ አንባብያን፣ በተለይ አዲስ የመጣችሁ ቤተሰቦች፣ ዛሬ ማታ እራት ላይ አንድ ነገር ተጠያየቁ፤ በቤታችን ውስጥ ማን ማንን እየጎተተ ነው? የዚህን ጋዜጣ የዕብራይስጥ ገጽ እስከ አሁን ልጆቻችሁ ብቻ የሚያነቡት ከሆነ፣ ከርእሱ ጀምራችሁ አንድ መስመር ራሳችሁ ሞክሩ። ልጆቻችሁም የአማርኛውን ገጽ ይሞክሩ። ስትሳሳቱ ተራረሙ፤ አትሳሳቁ። እናቴም ሰላም ብላችኋለች። «እኔ አንዴ በርሬያለሁ» ማለቷን አልተወችም፤ ሽመሎቹ ሲያልፉ ግን ከልጄ ጋር ወደ በረንዳ ትወጣለች።